አርባ ሁለት ቁጥር የተሰማችበት ሰዓት

ታናሽ እህቴ አማካሪ ናት። ሥራዋ ሰው ማዳመጥ ነው። ዘመዶቻችን "ቁጭ ብሎ መስማት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሥራ ሆነ?" እያሉ ያሾፉባታል። እሷ ፈገግ ብላ ታልፋቸዋለች። እኔ ግን አብሬያት ስለምኖር ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ከክሊኒኩ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ሶፋው ጥግ ላይ እግሯን አጥፋ ትቀመጥና ለግማሽ ሰዓት ያህል ከማንም ጋር አታወራም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለዚያ ግማሽ ሰዓት የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ። ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ መጥለፍ፣ ድምፅ የሌለውን ሥራ ሁሉ ለዚያ ሰዓት አቆየዋለሁ። "ጆሮዬ እስኪበርድ ነው፣ እታለም" ትለኛለች።

የምትሠራበትን ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ገብቼ አይቼዋለሁ፤ መጋረጃ ልሰቅል። ከካርድ ክፍሉ ቀጥሎ ያለች፣ ድሮ ክራንችና የተሰበረ አልጋ ይታጎርባት የነበረች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበሮች አሉ። ፊት ለፊት አይተያዩም፤ ትንሽ ገደድ ብለው ነው የተቀመጡት፤ እንግዳው ሲፈልግ እሷን፣ ሲያፍር ደግሞ በመስኮቱ ግቢውን እንዲያይ። የግድግዳው ሰዓት የተሰቀለው ከእንግዳው ራስ በላይ ነው። ለምን እዚያ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሰው ሆዱን ከፍቶ ሲያወራ የእጅ ሰዓት ማየት በሩን ፊቱ ላይ እንደ መዝጋት ነው አለችኝ። የእንግዳው ወንበር ሲቀመጡበት ይንጫጫ ስለነበር ከአባታችን አሮጌ ካፖርት ላይ ወፍራም ጨርቅ ቆርጬ ከእግሮቹ ሥር ለጠፍንለት። መጋረጃው የሚውለው በበሩ መስታወት ላይ ነው። ከበሩ ውጭ ወረፋ የሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር አለ፤ የተቀመጠው ሰው ጥላ ወደ ውስጥ እንዳይታይ ብዬ ገበር አበጀሁለት።

እህቴ ክፍሏን እንዲህ በጥንቃቄ ያሰናዳችው እሷን የሰማት ሰው ስላልነበረ ነው። ይህንን እንድጽፈው የፈቀደችልኝም እሷው ናት።

በሃያ አራት ዓመቷ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ነርስ ነበረች። የዚያ ሆስፒታል ማትሮን፣ የነርሶቹ ሁሉ አለቃ ማለት ነው፣ ነርሶችን በስማቸው ጠርታ አታውቅም። የምትጠራቸው ደረታቸው ላይ በተለጠፈው ቁጥር ነበር። እህቴ አርባ ሁለት ነበረች። አርባ ሁለት፣ አንሶላ ቀይሪ። አርባ ሁለት፣ ሦስተኛ ክፍል ሂጂ። ማትሮኗ ሁልጊዜ ትጽፋለች። ሰው ሲያናግራት ከደብተሯ ቀና አትልም፤ የእስክሪብቶዋን ክዳን በጥርሷ ነክሳ "እም" ትላለች፣ ትጽፋለች። ነርሶቹ፣ ማትሮን የምታውቀን በጫማችን ነው እያሉ ይሳሳቁ ነበር። በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እህቴ አንድ ቀን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ሁለት ዓይነት ብልቃጥ አየች። መድኃኒቱ የተለያየ ነው፤ ክዳናቸው ግን አንድ ዓይነት ሰማያዊ፤ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ያለ ማትሮኗ ፈቃድ ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ነገር ማንቀሳቀስ ክልክል ነበር። ስለዚህ ሄዳ ነገረቻት። እየጻፍኩ ነው አለቻት። በማግስቱ ደግማ ነገረቻት። በሦስተኛው ቀን ስትነግራት ማትሮኗ በእስክሪብቶዋ ወደ በሩ አመለከተቻት። በአራተኛው ቀን አንዲት ተረኛ ነርስ ተሳስታ ሌላኛውን ብልቃጥ አነሳች፤ ሳንባውን ታሞ የተኛ አንድ አስተማሪ በዚያው አለፈ። ተረኛዋ ከተለመደው ቦታ ነው ያነሳሁት አለች። የዚያን ቀን መደርደሪያውን ፈትሻ የፈረመችው ደግሞ አርባ ሁለት ነበረች።

እህቴ ልታስረዳ ቢሮ ገባች። ማትሮኗ ደብዳቤ እየጻፈች ነበር። እህቴ ቆማ፣ ከመጀመሪያው ቀን አንስታ ሦስቱንም ጊዜ አንድ በአንድ ነገረቻት። ማትሮኗ እስከ መጨረሻው መስመር ጻፈች፤ ፈረመች፤ ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት። ቀና ሳትል "ጨርሻለሁ" አለቻት። የስንብት ደብዳቤዋ ነበር። በቸልተኝነቷ የሰው ሕይወት ያጠፋች ይላል።

አባታችን ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር። በእሱ ቤት የተጻፈና የተፈረመ ነገር ሐሰት ሊሆን አይችልም። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው። እህቴ አፏን ስትከፍት እጁን አነሳባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጇ ውሃ አልጠጣም። በዓመቱ ታሞ ተኛ። የመድኃኒቱን ኩባያ እኔ ስይዝለት ይጠጣል፤ እሷ ስትይዝለት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ነርስ ልጁ አጠገቡ ቆማ፣ የሐኪም መርፌ በወጉ መያዝ የማልችለው እኔ መርፌውን ወጋሁት። እንዲሁ እንዳኮረፋት ሞተ። ይህን ሳስታውስ እስከዛሬ የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ ውሃ እጠጣለሁ።

ከዚያ በኋላ እህቴ ዘጠኝ ዓመት የአሁኑ ክሊኒኳ ልብስ አጣቢ ሆነች። ማጠቢያው ክፍል ይሞቃል፤ የታማሚ ቤተሰብ ብርዱን ሸሽቶ እዚያ ይገባል። ሲገቡ ያወራሉ፤ እሷም አንሶላ እያጠፈች ትሰማለች። የክሊኒኩ ኃላፊ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ቢሮ ሳይሆን ወደ ማጠቢያው እንደሚሄድ ሲያይ ለአማካሪነት ስልጠና ላካት።

የስልጠናው ወሬ ለሳምንታት ቤታችንን አስቆን ነበር። አሰልጣኙ ሱሪው ከሆዱ በታች የሚታጠቅ፣ ተጫዋች ሰው ነበር። ያስተማራቸው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ሰውየው ሲናገር እጃችሁን አሳርፉ፤ እስክሪብቶ አትያዙ። ዝም ሲል ዝም በሉለት፤ ዝምታው የእሱ ነው፤ አትንጠቁት። አልፎ አልፎ ብቻ፣ የተረዳችሁትን በአጭሩ በራሳችሁ አነጋገር መልሱለት፤ ካልተረዳችሁት እንዲያርማችሁ። ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ልምምድ ታዲያ አንድ የቀድሞ አውቶቡስ ሹፌር ከእህቴ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ለልምምዱ ጥንድ ሆኖ የደረሰው ሰው እውነተኛ ችግሩን አወጣለት።

"ከባለቤቴ ጋር ተጣላሁ" አለው።

"ከባለቤትህ ጋር ተጣላህ።"

"ቤቱን ጥላልኝ ሄደች።"

"ቤቱን ጥላልህ ሄደች።"

"ታሾፍብኛለህ እንዴ?"

"አሾፍብሃለሁ እንዴ?"

ሰውየው ኮሌታውን ያዘው። አሰልጣኙ ገብቶ ገላገላቸውና፣ ወንድሜ፣ ሰው በቀቀን ፊት አያለቅስም አለው። ከዚያ በኋላ ሹፌሩ "በቀቀን" የሚል ስም ወጣለት። የሰውን ቃል እንዳለ መልሶ መወርወር ከመስደብ አይተናነስም፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው ትላለች እህቴ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ማክሰኞ ቀን፣ እህቴ ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች። ሶፋው ላይ አልተቀመጠችም። የስፌት መኪናዬ ፊት ቆማ "እታለም፣ መጣችልኝ" አለችኝ።

በአማካሪነት በቆየችባቸው ዓመታት ሁሉ የአንድም እንግዳ ወሬ ቤት ይዛ ገብታ አታውቅም። የሥራዋ የመጀመሪያ ደንብ ነው። የዚያን ቀን ይዛ ገባች፤ እኔም ተይው አላልኳትም።

ማትሮኗ ነበረች የመጣችው። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከዘራ ይዛለች፤ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሳለች። ሦስተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም፤ እንደምጠይቃት ስለምታውቅ እሱንም አይታልኝ መጣች። እህቴ መጀመሪያ አላወቀቻትም። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ትንሽ ደብተር አወጣች፤ የእስክሪብቶዋን ክዳን በጥርሷ ነክሳ ሳበችው። ያኔ አወቀቻት። ማትሮኗ ግን እህቴን አላወቀቻትም። በየት በኩል ታውቃታለች፤ ፊቷን አይታው አታውቅ። "ልጄ" ነው ያለቻት።

ችግሯ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ አላት፤ ሩቅ አገር የምትኖር፤ ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። ልጅቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለአንድ ሳምንት ትመጣለች፤ አያቷ አይታት የማታውቅ ትንሽ ሴት ልጅም ይዛ። በደብዳቤዋ ላይ፣ እማዬ፣ የምነግርሽ አለኝ፤ ካልሰማሽኝ በመጣሁበት እመለሳለሁ፣ ልጄንም ዳግመኛ አታያትም ብላ ጽፋለች።

"ሰው መስማት አታውቂበትም ይሉኛል" አለቻት ለእህቴ። "ምናልባት እውነት ነው። አስተምሪኝ፣ ልጄ። ሁሉንም እጽፈዋለሁ።"

እህቴ ይህንን ነግራኝ ስታበቃ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የማደርገውን ንገሪኝ ማለቷ ነበር። ሰዎች ሲያዩኝ ዓይነ አፋር ናት ይላሉ፤ ድመት ስረግጥ ይቅርታ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ከመኪናዬ ላይ ቀና ብዬ "አባባን አትርሺው" አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አላስፈለገም።

"በቀቀን አደርጋታለሁ" አለች እህቴ።

አደረገቻትም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ልጅዎ የምትለውን ሁሉ አንድ ቃል ሳይጎድል መልሰው ይንገሯት አለቻት። እንዳይረሳዎት እየጻፉ ያዳምጡ። በየመሃሉ "እም" ይበሉ። ማትሮኗ ትጉ ተማሪ ሆነች። እህቴ እንደ ልጅቷ ሆና ትናገራለች፤ ማትሮኗ ትጽፋለች፤ ቃል በቃል ትመልሳለች። እህቴ በጣም ጎበዝ ትላታለች። ቤት ስትገባም ሁሉንም እየተወነች ታሳየኛለች፤ ክዳኑን በጥርሷ ነክሳ "እም" ስትል እኔ መቀሴን እስክጥል እስቃለሁ። ሳቃችን ግን ከጉሮሮ በታች የሚወርድ አልነበረም። በእነዚያ ሳምንታት የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ ፈታሁት።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። በእነዚያ ማክሰኞዎች እህቴ ግማሽ ሰዓቷን ትታ ነበር። እንደገባች ታወራለች። ጆሮሽ አልደከመም ወይ አልኳት።

"ለምን ይደክመዋል? አልሰማኋትም እኮ" አለችኝ።

የማትሮኗ ልጅ ሰኞ ቀን ገባች። ሐሙስ ጠዋት ማትሮኗ ያለ ቀጠሮ መጣች። ጸጉሯ አልተበጠረም፤ ያ ግራጫ ኮት ቁልፉ ተዛንፎ ተቆልፏል። ደብተሯን ይዛለች። እንዳልሽኝ አደረግሁ፣ የት ጋ ነው ያጠፋሁት ብላ ገልጣ ሰጠቻት። እህቴ አነበበችው። በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ በግራ በኩል ልጅቷ ያለችው፣ በቀኝ በኩል እናትየው የመለሰችው ሰፍሯል። ትኩሳት ይዞኝ ስጠራሽ ትጽፊ ነበር። ትኩሳት ይዞሽ ስትጠሪኝ እጽፍ ነበር። አባዬ ሲሞት ብቻዬን አለቀስኩ። አባዬ ሲሞት ብቻሽን አለቀስሽ። መጨረሻው መስመር ላይ፣ ታሾፊብኛለሽ እማዬ የሚል አለ። በቀኝ በኩል፣ አሾፍብሻለሁ።

ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ሆቴል ገብታለች። እሁድ በረራ አላት።

እህቴ ይህን ቀን ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቃዋለች። ደብተሩን ስታነብ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ነገር ግን አንድ ጉንጭ ብቻ ነበር አለችኝ። ምክንያቱም ማትሮኗ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ አንቺማ በደንብ ነበር ያስተማርሽኝ፣ የማልረባው እኔ ነኝ አለቻት። እህቴ የተናደደችው ያኔ ነው። አዝና አይደለም፤ አላዘነችላትም፤ እኔም አዘነችላት ብዬ አልጽፍም። ሴትየዋ የመታትን ሳታውቅ ልትሄድ ነው። ማን እንደመታት ካላወቀች ምኑን ብድር ተመለሰ?

"እስክሪብቶውን ያስቀምጡት" አለቻት።

ማትሮኗ ደንገጥ ብላ አስቀመጠችው፤ ጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

"አርባ ሁለት ነኝ።"

ማትሮኗ ቀና አለች። እህቴ እንደምትለው ዓይኖቿ ቡናማ ናቸው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቀለማቸውን አታውቀውም ነበር። ማትሮኗ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ሰማያዊዎቹ ክዳኖች" አለች።

ሰምታት ነበር ማለት ነው። ሦስቱንም ጊዜ ሰምታለች። እህቴ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ምናልባት አልሰማችኝም ይሆናል እያለች ለዚያች ሴት ትንሽ ሰበብ ስታተርፍላት ኖራለች። ያችም ሰበብ አለቀች።

"እንግዲህ አሁን እኔ እናገራለሁ" አለቻት። "እርስዎ ይሰማሉ። አንዲት ቃል ቢያወጡ ተነስቼ እወጣለሁ።"

ተናገረች። ከመጀመሪያው ብልቃጥ ጀመረች። ደብዳቤውን በቃሏ አለችላት። የአባባን ፊት፣ ግድግዳውን፣ ኩባያውን፣ ዘጠኝ ዓመት በሙቅ ውሃ የተላጠ እጇን ነገረቻት። ልጅዎንም ያስኮረፍኳት እኔ ነኝ፤ የማይሆን ነገር ያስተማርኩዎት አውቄ ነው አለቻት። ማትሮኗ ሁለት ጊዜ አፏን ልትከፍት ስትል እህቴ መዳፏን አነሳችባት። ከዚያ በኋላ አልሞከረችም። "እም" አላለችም። በመስኮቱ ወደ ግቢው አልሸሸችም። እህቴ ዝም ስትል ዝም አለች። ስለ አባባ ስትነግራት የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች፤ እስከ መጨረሻውም አልለቀቀችውም። ካፖርቱ የተለጠፈበት ወንበር ስለሆነ ምንም ድምፅ አልተሰማም።

እህቴ ስትጨርስ ማትሮኗ "ልጄ፣ ይቅር..." ብላ ጀመረች።

እህቴ ከማትሮኗ ራስ በላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አየችው፤ እንድታይባት ብላ፣ በግልጽ።

"ሰዓታችን አልቋል" አለቻት።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር። አልዋሽም። እህቴ ጸጉሯን ታጠበች፤ እኔ አዲስ የጠረጴዛ ልብስ አነጠፍኩ፤ በልተን ጠገብን። የአባባ ፎቶ የተሰቀለበትን ግድግዳ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት የማትሮኗ ልጅ ትንሿን ልጇን በእጇ ይዛ ክሊኒኩ መጣች። ለእህቴ የነገረቻትን እህቴ እንዳለ ነገረችኝ። እናትየዋ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ ድረስ መጥታ፣ ያለ ደብተር፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ንገሪኝ አለቻት። ልጅቷ ልታባርራት ብላ ነው የጀመረችው፤ ክፉ ክፉውን አወረደችባት። እናትየዋ ተነስታ አልሄደችም፤ አልተከራከረችም፤ እስኪመሽ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ፊት ፊቷን እያየች ሰማቻት። ልጅቷ ወደ እናቷ ቤት ተመልሳለች፤ በረራዋንም በሁለት ሳምንት አራዝማለች።

"ምን አድርገሽላት ነው?" አለቻት። "አምስት ደቂቃ ሰው ሰምታ የማታውቅ ሴት ናት እኮ።"

እህቴ ምንም አላደረግሁላትም አለች፤ እውነቷን ነው። ልጅቷ ከእናቷ የተላከ ፖስታ ሰጥታት ሄደች። ውስጡ ለሆስፒታሉ የተጻፈ ደብዳቤ ግልባጭ ነበር። የተባለችው ነርስ ስለ ብልቃጦቹ ሦስት ጊዜ ነግራኝ ነበር፤ ሰምቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል። የእህቴ ስም ሙሉውን፣ እስከ አያታችን፣ ተጽፏል።

እህቴ ቤት ገብታ ደብዳቤውን ከጨርቆቼ መሃል ወረወረችው። "አስተማርኳት፣ እታለም" አለች። "ባዶ እጇን ልሰዳት ብዬ፣ ሳልፈልግ አስተማርኳት። እሷ ልጇን አገኘች። አባባ ይህንን የሚያነበው በየትኛው ዓይኑ ነው?"

መኪናዬን አቆምኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ መኪናውን መልሼ አልነካሁትም።

ማትሮኗ እስካሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። ቀጠሮ የላትም። በድሮው ሰዓቷ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች፤ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ እጇ ባዶውን፣ ሰዓቱ ሲሞላ ተነስታ ትሄዳለች። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ፣ እኚህ እናት ይግቡ ወይ ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀች። እህቴ ወረፋ የላቸውም አለቻት።

ባለፈው ወር መጋረጃው ታጥቦ ሊተኮስ ቤት መጣ። እህቴ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ብዙ ታጥቦ ሳስቷል፣ ብርሃን ያሳልፋል አለችኝ። ጥላው ይታየኛልም አለች። የማን ጥላ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

"ገበሩን ድርብ አድርጊልኝ" አለችኝ።

ከሳጥኔ ውስጥ ጥቁሩን፣ ጥቅጥቅ ያለውን ጨርቅ መረጥኩላት። መኪናው እንዳይጮህባት ጠርዙን በእጄ ጠለፍኩት።